እውነት ወይስ ተረት? ኳስና የወገዳ ተማሪ

በደቡብ ጎንደር፣ በወገዳ ምድር፣ ከጋይንት ደጋ እስከ ስማዳ ቆላ፣ እስከ እስቴም ድረስ፣ ከትምህርት ቤት ዘግይቶ የገባ ልጅ የት እንደዋለ ብዙ አይጠየቅም። እግሩ ላይ ያለው አቧራ ይናገርበታል። ከዚያ የሚከተለውን ደግሞ ሁሉም ቤት ያውቀዋል፦ «ያቀጭጭሃል»፣ «ትምህርትህን ይበላብሃል»፣ «ላብህ ሳይደርቅ ውኃ እንዳትቀምስ»። የመጣችው ልጅቷ ከሆነች «ከወንድ ጋር ምን ያሯሩጥሻል?» ይታከልበታል። በሌላው ጫፍ ከተማ ወጥቶ የእንግሊዝን ጨዋታ በዲሽ የሚከታተለው አጎት አለ፤ እሱ ልጁን በ13 ዓመቱ ሚሊየነር አድርጎታል።

አንዱ ወገን ኳሷን ጥፋተኛ ያደርጋታል፣ ሌላው ባለውለታ። እኔ ሁለቱንም ስሰማ የምለው አንድ ነው፦ ልጁን የሚያሳድገውም የሚጎዳውም በአብዛኛው በኳሷ ዙሪያ ያለው ነገር ነው። ምን በልቶ ወጣ? ምን ተጫማ? ስንት ሰዓት ተኛ? ሲጎዳስ ማን ነካው? እስቲ የሚባለውን አንድ በአንድ እንየው።

«ኳስ ልጅን ያቀጭጫል»

ተረት ነው፤ ከየት እንደመጣ መገመት ግን አይከብድም። ቀኑን ሙሉ የሚሮጥ ልጅ ይከሳል፣ የከሳ ልጅ ደግሞ ያላደገ ይመስላል። እንዲህ የሚሉት አባት በልጅነታቸው በገና ሰሞን ዱላ ይዘው ሩር ሲያሳድዱ ይውሉ የነበሩ ናቸው፤ ያን ጊዜ ማንም ትቀጭጫለህ አላላቸውም።

የልጅ ቁመት በዋናነት የሚወሰነው ከወላጆቹ በወረሰውና በልጅነቱ በበላው ነው። አጥንት ደግሞ ሩጫና ዝላይ ሲያርፍበት ይጠነክራል። በካናዳ ሳስካችዋን ልጆችን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች እንዳገኙት፣ ሰው በጉልምስናው ከሚኖረው የአጥንት ማዕድን ሩብ ያህሉ የሚጠራቀመው ቁመት እንደ ጉድ በሚመዘዝባቸው ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው። ይህ ለሴት ልጅ 12፣ ለወንድ 14 ዓመት አካባቢ ይሆናል፤ በእኛ አቆጣጠር 6ኛ፣ 7ኛና 8ኛ ክፍል። ልጅን ከሜዳ ለማስቀረት ከዚህ የባሰ ጊዜ የለም።

በአማራ ክልል ቁመት የሚሰርቀው ሌላ ነው፤ ስሙም መቀንጨር ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የክልሉ ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረው አግኝቷቸዋል፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚደርሰው ከጽንስ ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላ ባለው ጊዜ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. መቀንጨርን ለማስቆም የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ይዞ የተነሣው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በ15 ዓመቱ ያጠረውን ልጅ አይተን ኳሱን ስንወቅስ፣ ነገሩ ያለቀው ልጁ በእግሩ ሳይሄድ በፊት ሊሆን ይችላል።

ተቃራኒው፣ «ኳስ ያስረዝማል» የሚለው፣ እንዲሁ ተረት ነው። ሜሲ ልጅ ሳለ የእድገት ሆርሞን እጥረት ነበረበት፤ ያገዘው መርፌው ነው። መርፌውም ቢሆን ከ1 ሜትር ከ70 አላሳለፈውም።

እውነት የሚሆነው ይህ ነው፦ ሆዱ ባዶ ሆኖ የሚጫወት ልጅ ይጎዳል። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ወገዳ ወይም ነፋስ መውጫ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረውን ልጅ አስቡ። ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤቱ ሄዶ ድርቆሹን፣ በሶውን፣ ሽሮውን ተሸክሞ ይመለሳል። ሐሙስ ላይ ስንቁ ይመነምናል፤ ጨዋታው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደምቀው ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ነው። ከ40 እስከ 45 ኪሎ የሚመዝን ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ በደንብ ከሮጠ ከ300 እስከ 400 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል፤ ያ ወደ ሦስት እፍኝ ቆሎ ነው። ሰውነቱ ያንን ካላገኘ ለእድገት ከተያዘው ይወስዳል። በሥጋ ብቻ ነው ጉልበት የሚገኘው የሚሉትን ግን አትስሟቸው። ሽሮ ከእንጀራ፣ ባቄላ ከገብስ ቂጣ ጋር ሲበላ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ጾምም በራሱ ተጫዋች አይጥልም፤ ጾመው ውለው ማታ ክክና ሽሮ በልተው የሚያድሩ ልጆች ይጫወታሉ። ችግሩ ማዕዱ ሲያንስ ነው።

አንድ ነገር ለስፖርት መምህራን። በቂ ምግብ ያላገኘ ልጅ ጉርምስናው ይዘገያል፤ በ15 ዓመቱ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሊመስል ይችላል። ለትምህርት ቤቶች ውድድር ቡድን ሲመረጥ ቀድሞ የረዘመው ይገባል፣ ይኼኛው ከመስመር ውጭ ሆኖ ማልያ ይጠብቃል። የዘገየው ልጅ እድገቱ ገና አላለቀም፤ የቀደመው ደግሞ ወደ ማለቁ ደርሷል። ዛሬ በትከሻው የሚገፋውን ልጅ መርጦ እግሩ የሚያስበውን መተው ትልቁ ብክነት ይመስለኛል።

«ላብ ላይ ውኃ አይጠጣም፤ ምች ይመታል»

ይህን የማይል እናት አላውቅም። በላብ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የጠጣ ልጅ ብርድ ይመታዋል፣ ሳንባው ይታመማል፣ አለዚያም ምች ይመታውና ከንፈሩ ላይ ይወጣበታል፤ ከዚያ ዳማከሴ ይታሻል። ሳንባ ምች የሚመጣው ከጀርም ነው። ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስልም ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ከሚቆይ ቫይረስ ነው፤ ትኩሳትና ድካም ሊቀሰቅሱት ይችላሉ፣ አንድ ጣሳ ውኃ ግን አይፈጥረውም።

አደጋው ያለው ባለመጠጣት ነው። በደጋው ነፋስና ብርድ ላቡ ቶሎ ስለሚደርቅ ልጁ ውኃ እያጣ መሆኑን አያውቅም፤ በሚተነፍሰው ደረቅ አየርም ይወጣበታል። ራሱን ያመዋል፣ ይዝላል፣ እሱንም ምች ይሉታል። መጠጣት አለበት፤ በዕረፍትም በመሐልም። መጠንቀቅ የሚገባው ከየት እንደቀዳው ነው። ከወንዝ የተጠለቀ ውኃ ተቅማጥም ታይፎይድም ያመጣል፣ ላብ ኖረም አልኖረ።

(ደጋውን ካነሣን አይቀር፦ ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይካሄድ ከልክሎ ነበር። እነቦሊቪያ ሲጮሁ ወደ 3,000 ከፍ አደረገው፣ በዓመቱም ተወው። ከ3,000 ሜትር በላይ የተቀመጠችው ነፋስ መውጫ በሁለቱም መስፈሪያ በወደቀች ነበር። ልጆቿ ግን አልሰሙም፤ ይጫወታሉ።)

«ወለምታ ነው፤ ወጌሻ ይሽህ»

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ከሁሉም የከፋ ጉዳት የሚደርሰው በዚህ ነው።

የልጅ አጥንት ጫፎቹ አካባቢ ገና ያልጠነከረ፣ ለስላሳ የእድገት ክፍል አለው። ቁመት የሚጨምረው ከዚያ ነው። በሴት ልጅ 14 ወይም 15፣ በወንድ 16 ወይም 17 ዓመት ገደማ ይዘጋል። እስኪዘጋ ድረስ ከጅማቱ ይልቅ ደካማው እሱ ነው። ስለዚህ ትልቅ ሰው ላይ ወለምታ የሚሆነው አወዳደቅ ልጅ ላይ የዚያ ክፍል ስብራት ሊሆን ይችላል። ከላይ ሲታይ ሁለቱም ያው እብጠት ናቸው። ያንን ጎትቶ ማሸት እድገቱን ሊያቆመው፣ አንዱን እግር ከሌላው ሊያሳጥረው ይችላል። «ኳስ አቀጨጨው» ከሚባሉት ልጆች አንዳንዱ ታሪኩ እንዲህ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ከማሸቱ የባሰው ማሰሩ ነው። በቀርከሃ ወይም በእንጨት ተጠፍንጎ የታሰረ እጅና እግር ደም ሲያጣ ይሞታል። በኢትዮጵያም በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም የሚሠሩ ቀዶ ሐኪሞች በዚህ ሳቢያ የሕፃናትን እጅና እግር ለመቁረጥ መገደዳቸውን ደጋግመው ጽፈዋል። ወጌሻን አውግዞ ማለፍ ግን ቀላሉ መንገድ ነው። ከስማዳ ቆላ ኤክስሬይ ያለበት ሆስፒታል ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ስንት ብር እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው ወላጆች ለምን ወደ ወጌሻ እንደሚሄዱ ያውቃል። ወጌሾችን ማሠልጠን እንዲህ ያለውን ጉዳት እንደሚቀንስ በአገራችን የተሠራ ሥራ አሳይቷል። የሚሠለጥኑበትም ነገር ረቂቅ አይደለም፦ ያበጠውን አትሹ፣ አጥብቃችሁ አትሰሩ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ወዲያው ፍቱ፣ በእግሩ መቆም ያልቻለውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩ።

ሳይወድቅ፣ ሳይመታ ጉልበቱ ሥር ወይም ተረከዙ ላይ የሚያመው ልጅም አለ። አጥንቱ ከጅማቱ ቀድሞ ሲረዝም ጅማቱ ይጎትተዋል። በእድገት ወቅት የሚመጣና የሚሄድ ሕመም ነው፤ ጨዋታውን ቀነስ ማድረግ ይበቃዋል። ይህንንም ቢሆን አትሹት።

«ባዶ እግር ያጠነክራል»

የታኬታ ዋጋ ይታወቃል፤ ባዶ እግር የሚጫወት ልጅ መርጦ አይደለም። ግን «እግሩ ይጠነክራል» እያልን ባንሸነግለው ጥሩ ነው። የደጋውና የወይና ደጋው ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ለዝሆኔ ይዳርጋል፤ በአገሪቱ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ ሕመም እንዳለበት ይገመታል። የዘር እርግማን ነው የሚሉት አሉ። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ስላለው የአንድ ቤት ሰዎች ላይ ይደጋገማል፤ አፈሩ ካልነካቸው ግን አይዛቸውም። ማንኛውም የተዘጋ ጫማና ከጨዋታ በኋላ በውኃና በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። ፕላስቲክ ጫማ ለመምታት አይመችም፣ ቁርጭምጭሚትም አይደግፍም፤ ቢሆንም ከባዶ እግር እሱን እመርጣለሁ።

«ቴስታ ጭንቅላት ያጠነክራል»

አያጠነክርም። የአሜሪካ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ዓመታቸው 10 እና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ቴስታን ከለከለ፤ እንግሊዝም በ2020 የአንደኛ ደረጃ ልጆች በልምምድ ቴስታ እንዳይመቱ መመሪያ አወጣች። በዝናብ ውኃ የጠጣ አሮጌ ኳስ ለሕፃን ግንባር ድንጋይ ነው። ተጋጭቶ የዞረበት፣ ያስመለሰው ወይም የት እንዳለ የጠፋው ልጅ ያን ቀን ወደ ሜዳ አይመለስ፤ ፍጻሜ ጨዋታ ቢሆንም።

«ለሴት ልጅ አይሆንም፤ ማህፀን ይጎዳል»

ይህን ተረት እኛ ብቻ የፈጠርነው እንዳይመስለን። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1921 ጨዋታው ለሴቶች አይስማማም ብሎ ሴቶችን ከአባሎቹ ሜዳዎች አስወጣ፤ ያንን ያነሣው ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በዚያም ዘመን ሰውነታቸው ይጎዳል ብለው የሚመሰክሩ ሐኪሞች አልጠፉም ነበር። ማህፀን በዳሌ አጥንት ተከልሎ የተቀመጠ ነው፤ ሩጫ አያናውጠውም፣ ኳስም አያመክነውም። ስለ ድንግልና የሚባለውም እንዲሁ ነው። በምርመራ ድንግልናን ማወቅ እንደማይቻል የዓለም ጤና ድርጅት ተናግሮ፣ ምርመራው ራሱ እንዲቀር ጠይቋል።

ከከምባታ ዱራሜ የተነሣችው ሎዛ አበራ በሐዋሳ፣ በደደቢት፣ በንግድ ባንክ ተጫውታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ጎል አዝንባለች። ዱራሜ ከነፋስ መውጫ የበለጠ ስታዲየም የሞላባት ከተማ አይደለችም።

እውነተኛው የሴት ተጫዋች ተጋላጭነት ጉልበት ላይ ነው። የጉልበት ዋናው ጅማት መበጠስ በሴቶች ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበዛል። መከላከያው ይታወቃል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 1,900 የሚጠጉ ልጃገረዶች በተካፈሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ ከጨዋታ በፊት 20 ደቂቃ የተወሰነ ማሟሟቂያ የሠሩት ቡድኖች ጉዳታቸው በሲሶ ገደማ ቀነሰ። በአንድ እግር መቆም፣ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ዘሎ ሲያርፉ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይገባ መለማመድ፤ ይኸው ነው። የስማዳ የስፖርት መምህር ነገ ሊጀምረው ይችላል።

ልጅቷን ከሜዳ የሚያስቀራት ግን ብዙውን ጊዜ ጉልበቷም አይደለም። ወንድሟ ደብተሩን ወርውሮ ሲወጣ እሷ እንስራ ትይዛለች። የወር አበባ ስትጀምር መቀየሪያም መታጠቢያም የሌለበት ትምህርት ቤት ትውላለች። ከዚያ ሽማግሌ ይላካል። ሕጉ 18 ዓመት ቢልም አካባቢያችን ያለዕድሜ ጋብቻን ጨርሶ አልተሰናበተውም። ማህፀኗን የሚጎዳው ምን እንደሆነ በቁም ነገር የሚጠይቅ ሰው ካለ በ15 ዓመት መውለድን ይጠይቅ።

«ኳስ ትምህርት ይበላል»

ግማሽ ተረት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከተፈተኑት 896 ሺህ ያህል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የቀሩትን 96.7 ከመቶ ኳስ ጣላቸው የሚል ካለ ያን ያህል ኳስ በአገሪቱ አለ ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ።

በዚህ ላይ የተሰበሰቡ ጥናቶች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ከትምህርት ሰዓት ጥቂቱን ለስፖርት መስጠት ውጤት አይቀንስም፣ ትኩረትንና ራስን መግዛትን በመጠኑ ያግዛል። በመጠኑ እላለሁ፤ ኳስ ሒሳብ አያስተምርም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ ይመክራል። ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ትምህርት ቤት የሚደርሰው የእስቴ ልጅ ይህን ከደወሉ በፊት ጨርሶታል። ስለዚህ ለእሱ ኳስ ጤና ማሟያ አይደለችም፤ ጨዋታ ናት፣ ጓደኛ ናት፣ ተሸንፎ ነገ መመለስን መልመጃ ናት። የከተማውን ምክር ለእሱ ሲደግሙለት የሚያስቀኝ በዚህ ነው።

ግማሹ እውነት እንቅልፍ ላይ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። እስኪመሽ ተጫውቶ፣ ከብት አስገብቶ፣ በኩራዝ አጥንቶ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ መንገድ የሚጀምር ልጅ ያንን ከየት ያመጣዋል? አንድ ነገር መቀነስ ካለበት ወላጅና መምህር ተነጋግረው የጨዋታውን ቀን ይወስኑ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል።

መማርና መጫወት አብረው እንደሚሄዱ ምስክር ለሚፈልግ ይድነቃቸው ተሰማ አለ። በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውቶ፣ ጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ አሠልጣኝ ሆኖ፣ በመጨረሻም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን እስከ ሞቱ ድረስ ለ15 ዓመት መራ። ብራዚልን እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ዋንጫ በአምበልነት የመራው ሶክራተስም የሕክምና ዶክተር ነበር።

«ኳስ ከድህነት ያወጣናል»

አጎትየውን እናስላለት። ፕሪሚየር ሊጉ 16 ክለብ በነበረው ጊዜ፣ አንዱ ክለብ 25 ተጫዋች ቢይዝ 400 ቦታ ይሆን ነበር፤ ለአገሪቱ ወጣት ሁሉ። ጎንደር ፋሲል ከነማ አለ፣ በ2013 ዓ.ም. ሊጉን ወስዷል፤ ባሕር ዳርም ክለብ አላት። ቢሆንም ከደቡብ ጎንደር ገጠር ተነሥቶ ከእነዚያ ቦታዎች አንዱን ማግኘት እጅግ ጠባብ በር ነው። ልጅ ተስፋ ያድርግ፤ ወላጅ ግን ለዚያ ብሎ ከትምህርት ቤት አያስወጣው።

ከዚህ ተስፋ የሚወለድ አንድ መጥፎ ልማድም አለ፤ ዕድሜ መቀነስ። የ19 ዓመት ወጣት «15 ነኝ» ብሎ ሲገባ እውነተኛው የ15 ዓመት ልጅ ቦታውን ያጣል፣ ሲጋጩም አጥንቱ ይሰበራል። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ያያል፤ የእድገት ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ዕድሜው አልፏል። ቀበሌ ያጻፈውን አጥንቱ ይክዳል።

«ኳስ የተጎዳ ልብ ይጠግናል»

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ገባ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ያለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ልጆችን ቤት አውሏል። በዚህ መሐል «ኳስ ስጧቸው፣ ይረሱታል» የሚል ደግ ሐሳብ ይሰማል። ደግ መሆኑን አልጠራጠርም። በሰላም አገር የቡድን ስፖርት የሚጫወቱ ልጆች ድብርታቸው አነስ ብሎ መገኘቱም እውነት ነው።

ግን በሰሜን ኡጋንዳ ጉሉ ላይ፣ ረጅም ጦርነት ባለፈበት ሕዝብ መካከል፣ የተሠራውን ማየት ያስፈልጋል። ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 14 የሆኑ ወንዶች ልጆች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ለ11 ሳምንት በውድድር ሊግ ተጫወቱ፣ ግማሾቹ ተራ ጠበቁ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ የተጫወቱት ወንዶች ልጆች የድብርት ምልክት ተራ ከጠበቁት ብሶ ተገኘ። በተጫወቱት ሴቶች ልጆች ላይ ግን ተጽዕኖ አልታየም። እኔ ለዚህ የምጠረጥረው ሠንጠረዡን ነው፦ ማን መሪ፣ ማን ጭራ፣ ማን ተባረረ። ቤቱ የተቃጠለበት ልጅ በየሳምንቱ ተሸናፊ መባል ምን ይጨምርለታል?

በወገዳ፣ በመካነ ኢየሱስ ወይም በአርብ ገበያ ልጆችን ሰብስቦ ማጫወት ለሚያስብ ሰው ስለዚህ የምመክረው ዋንጫውን እንዲተወው ነው። ቡድኖቹ በየሳምንቱ ይቀላቀሉ፣ ነጥብ አይያዝ፣ ሴቶችም የራሳቸው ሰዓት ይኑራቸው። ሜዳው ዳር ደግሞ ልጆቹን በስም የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ይቁም፤ ሌሊት የሚባንነውን፣ ከሰው የሚሸሸውን ልጅ ለይቶ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስድ።